የመጀመሪያ ስም፦ መሐሪ

ስሜን ለጊዜው እንተወው። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ስም ስለሆነ፣ አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። አባቴን ግን ላስተዋውቃችሁ፤ መሐሪ ይባላል። መንደራችን ድብ ባሕር ላይ ከሕፃን እስከ ቄስ «አያ መሐሪ» ይለዋል። ንብ አናቢ ነው፣ ዳዊት ደጋሚ ነው፣ ግትር ነው። ሦስተኛውን እኔም ወርሼዋለሁ፤ ከአባቴ ያለ ጠብ የወረስኩት እሱን ብቻ ነው።

አባቴ ስምንት ቀፎ አለው። ሰባቱ ከሸምበቆ ተሠርተው በእበትና በጭቃ የተመረጉ፣ ከጓሮ በኩል ከጣሪያችን ሥር የተደረደሩ ናቸው። ስምንተኛው ከዓመታት በፊት ግብርናዎች የሰጡት የሳጥን ቀፎ ነው። አባቴ «የሬሳ ሳጥን» ይለዋል። ስንት ዘመን ዶሮ ስትታቀፍበት ኖራ፣ አንድ ጥቅምት ላይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ መንጋ ሰባቱን አልፎ እዚያ ሳጥን ውስጥ ገባ። አባቴ ያንን መንጋ እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም።

እኔ ደግሞ ጎንደር ከተማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስተይብ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ባለፈው ሰኔ አባቴ ቀፎ ሊሰቅል ዋንዛ ላይ ወጥቶ ወደቀና ዳሌውን ተጎዳ። «ለሳምንት አስታምሜው እመለሳለሁ» ብዬ መጣሁ። ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም።

ዳሌው ሲሻለው ከዘራ ያዘ፤ ቀፎዎቹ ጋ ግን እንደ ድሮው መድረስ አቃተው። ይኼኔ የአክስቴ ልጅ ጌትነት መመላለስ ጀመረ። ታች ቆላ ዛሪማ መሬት አለው። ቀፎዎቹን ወደዚያ ሊያወርዳቸው ፈልጎ፣ «አያ መሐሪ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ አለሁልዎት» እያለ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ቆሎ ይበላል፣ ይሄዳል።

እኔ እነዚያን ቀፎዎች እፈልጋቸው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ መኝታዬ ከጓሮው ግድግዳ ጋ ነበረ። ሁልጊዜ እየሰማኋቸው ተኝቼ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ እንድነካቸው ተፈቅዶልኝ አያውቅም። ወንድሞቼ ተራ በተራ ጭስ ይዘው ሲገቡ እኔ ከበር ላይ «ራቂ!» እየተባልኩ አደግሁ። ወንድሞቼ ሁሉም ከተማ ገብተው ቀሩ፤ ዛሬ ማር የሚገዙት ከሱቅ ነው።

«አባዬ፣ ምነው ለኔ ብትሰጠኝ?» አልኩት አንድ ቀን ጌትነት ባለበት።

«ለሴት ቀፎ አይሰጥም» አለ። «አውራው ወንድ ነው። ወንድ ካልሆነ ማን ጋር ይግባባል?»

አውራ የሚለው መንጋው ሁሉ የሚከተለውን አለቃውን ንብ ነው።

«እማራለሁ» አልኩት።

«ከማን?»

«ከሚያስተምር።»

አባቴ ሳቀ። «ሸጋ! እንግዲያው ተማሪና ወረቀት አምጪ። በኅዳር ማር ሳይቆረጥ ወረቀቱን ካመጣሽ ስምንቱም ያንቺ ናቸው። ካላመጣሽ ጌትነት ያወርዳቸዋል። አንተም ምስክር ሁን።»

ጌትነት ቆሎውን እየቆረጠመ ምስክር ሆነ። ለቀልድ የተነገረ ነገር መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን፤ የንብ ትምህርት ቤት በአገሩ የለማ። ግን ለእኔ በቀልድ ቃል የገባልኝ ሰው ወዮለት።

በበነጋታው ስልኬን ይዤ ፍለጋ ገባሁ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ንብ ማነብ ያስተምራል። ስምንት ሳምንት፣ በነጻ፣ ለማንም ክፍት። «ለማንም» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወገኖቼ፣ እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመት ማመልከቻ የተየብኩ ሰው ነኝ። የቀበሌ ደብዳቤ፣ አራት ጉርድ ፎቶ፣ «ነገ ተመለሺ» የማይል በር አይቼ አላውቅም ነበር። ይሄኛው በሩ ላይ ዘበኛ እንኳ የለውም። ከዓለም ዙሪያ ሰው እየጎረፈ ይገባል፣ የሚገፋ የለም።

እንግሊዝኛዬ የማመልከቻ እንግሊዝኛ ነው፤ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብሎ ካልጀመረ ይደናገረኛል። ስለዚህ ስልኬን «ወደ አማርኛ ተርጉም» አልኩት፤ ተረጎመ። ያ ስልክ ምን ያህል እንደሚዋሽ ያኔ አላወቅሁም።

የመዝገቡ መጀመሪያ ላይ «የመጀመሪያ ስም» ይላል። ከሥሩ «የመጨረሻ ስም» ይላል። እኔ የማውቀው «ሙሉ ስም ከነአያት» የሚባለውን ነው እንጂ፣ ስም መጀመሪያና መጨረሻ ተብሎ ሲሰለፍ አላየሁም። ዝም ብዬ ብሞላው ኖሮ ይሄኔ ሰላሜን እኖር ነበር። እኔ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ከእኔና ከአባቴ ማን ቀደመ? አባቴ። መጨረሻ የመጣው ማን ነው? እኔ፤ ያውም የስድስት ልጆች መጨረሻ። «የመጀመሪያ ስም፦ መሐሪ» ብዬ ጻፍኩና የራሴን ስም ከታች አስከተልኩ። ለአባቴ ቅድሚያ በመስጠቴ እንኳ ትንሽ ኮርቼ ነበር።

ትምህርቱ ተጀመረ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ቦታ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ። ወፍጮው ሲነሣ መምህሩ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ አያለሁ። ቢሆንም የሚጻፈውን እያነበብኩ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ፀሐይ ሲሆን በጃንጥላ፣ ዝናብ ሲሆን በዚያው በጃንጥላ ተማርኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ፈተና ሲመጣ ነው ጉድ የፈላው። ዐሥር ጥያቄ በሃያ ደቂቃ፤ ሰዓቱ ከላይ እየቆጠረ ይወርዳል። ወፍጮ ቤት የመጣ ሰው ደግሞ ተራው እስኪደርስ ሥራ የለውም።

«እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋላችሁ?»

«አያ መሐሪ ዳሌው ተሻለው?»

«ተመስገን ነው።»

«ከብቱስ? ያቺ ላም ወለደች?»

አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ሰላምታ ሳልመልስ ስልክ ላይ ባፈጥ በማግስቱ «የመሐሪ ልጅ ከተማ ገብታ ሰው ናቀች» መባሌ ነው። ሁሉንም እስከ ላሟ ድረስ መለስኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ የመለስኩት ሦስት ጥያቄ ነበር፤ አንዱንም ተሳስቻለሁ።

ትምህርት ቤቱ ደግ ነው፤ እስከ ሦስት ጊዜ ያስሞክራል። ለሁለተኛው ዘዴ ዘየድኩ። በትልቅ ወረቀት «ፈተና ላይ ነኝ» ብዬ ጽፌ ጃንጥላዬ ላይ ለጠፍኩ። ይህንን ያደረግሁት ፈተና የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ስንት ነገር እንደሆነ ረስቼ ነው። መጀመሪያ የመጡት የሰፈራችን እማሆይ ናቸው። ወረቀቱን ፊደል በፊደል አነበቡና ደረታቸውን ያዙ።

«እኔን! ምን ዓይነት ፈተና ነው የኔ ልጅ?»

«የንብ ነው እማሆይ።»

«በንብ መጣብሽ?» አሉና ዞረው ሄዱ። እፎይ አልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በኮዳ ጠበል ይዘው ተመለሱና እኔንም ስልኩንም አጠመቁን። ከኋላቸው ወፍጮ ቤት ያለው ሰው በሙሉ «ያውጣሽ፣ ያውጣሽ» እያለ ተሰልፏል። ስልኩ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ወሰደ።

ሦስተኛው የመጨረሻው ነበር። ለእማሆይ እውነቱን አስረዳኋቸው። እሳቸውም ፈተና የሚባል ነገር በወረቀትም ሆነ በሌላ ያው ነው ብለው፣ ከድንጋዩ ፊት በርጩማ አምጥተው ተቀመጡ። የመጣውን ሁሉ «ፈተና ላይ ናት፣ እለፍ!» እያሉ መለሱልኝ። ከዐሥር ዘጠኝ አመጣሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ተቀምጬ የትምህርት ቤቱን መልእክት ጮክ ብዬ አነብ ነበር። «ሰላም መሐሪ! ወደ ሁለተኛው ሳምንት እንኳን በደኅና መጣህ! በርታ መሐሪ!»

አባቴ ከመደቡ ላይ ቀና አለ። «ማነው የጠራኝ?»

«ትምህርት ቤቱ ነው።»

«እኔን ከየት ያውቁኛል?»

መዋሸት አማረኝ፤ አልሆነልኝም። ነገርኩት። የመጀመሪያና የመጨረሻ የሚለውን፣ ለእሱ ቅድሚያ መስጠቴን፣ ሁሉንም። አባቴ ዳሌውን ይዞ ሳቀ። «እናትሽ ነፍሷን ይማረውና፣ ይቺ ልጅ አስባ የሠራችው ነገር ቀንቶላት አያውቅም ትል ነበር» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ከወፍጮ ቤት በተመለስኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነው።

«እህ፣ ዛሬ ምን ተማርኩ?»

በቀልድ ነበር የጀመረው። እኔ ግን በቁም ነገር እመልስለታለሁ። ያቺ አንዲት ጥያቄ ከጓሮው በር አንድ እርምጃ እንዳስገባችኝ ይሰማኝ ነበር። የተጣላነው አውራው ላይ ስንደርስ ነው።

«ዛሬ የተማርከው፣ አውራው ሴት ናት።»

«ማን?»

«አውራው።»

«አውራ! ስሙ አውራ ተብሎ!»

«እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት። ሠራተኞቹም ሁሉ ሴቶች ናቸው። ወንዱ ድንጉላው ብቻ ነው።»

«ድንጉላው ምን ይሠራል?»

«ይበላል።»

በጎን ተቀምጦ የነበረው ጌትነት የቆሎውን ሳህን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አባቴ ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «ይህን አልተማርኩም! ጻፊላቸው። መሐሪ ሃምሳ ዓመት ንብ ይዟል፣ ይህን አልተማረም በያቸው!» አለ። ሁለት ቀን ምን ተማርኩ ሳይለኝ ቀረ። ሁለቱ ቀን ረዘመብኝ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የተግባር ሥራ ታዘዘ። ቀፎ ከፍቶ የማር እንጀራውን እያሳዩ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። የሚያርሙት መምህራኑ ሳይሆኑ ተማሪዎች እርስ በርሳችን ነን። አባቴ ለብዙ ልመና የፈቀደው ይህንን ብቻ ነው፤ የሬሳ ሳጥኑን ጌትነት ይከፍተዋል፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ እቀርጻለሁ። ስለ ጭሱ ትምህርቱ የሚለውን ከስልኬ አነበብኩ።

«ቀፎውን ከመክፈትዎ በፊት አጫሽዎን ያቀጣጥሉ። አጫሹ ከጎንዎ እንዳይርቅ። አጫሹ በቂ ጭስ ማውጣቱን ያረጋግጡ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። አጫሽ ይላል። እንግዲህ ከኛ ዘመድ ሲጋራ የሚያጨስ አንድ ጌትነት ነው፤ እሱም የመኪና ረዳት በነበረበት ጊዜ የለመደውን ከአባቴ ተደብቆ ነው። ጎትቼ ወደ ጥግ ወሰድኩት።

«ጌትዬ፣ ትምህርቱ አጫሽ ይጠይቃል።»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

«እኔ ምን አውቄ። በቂ ጭስ ማውጣትህን አረጋግጪ ነው የሚለኝ።»

«አያ መሐሪ እያዩ?»

«ለትምህርት ነው እለዋለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ቀፎዎቹን ሊወስድ ስለመጣ ትንሽ ቢጋለጥ አልጠላሁም። ግን የሆነው ያሰብኩት አይደለም። ጌትነት ሲጋራውን ለኩሶ፣ ክዳኑን አንሥቶ፣ አጎንብሶ እፍፍ አለ። ንቦቹ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ ወጥታ የላይ ከንፈሩን ወጋችው። ሁለተኛዋ የታች ከንፈሩን ደገመች። ጌትነት «ወይኔ እናቴ!» እያለ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረና በአጥሩ ላይ ዘሎ ጠፋ።

«አንቺ!» አለ አባቴ፣ «ማን ነው ሲጋራ አጭስ ያለው?»

«ትምህርቱ አጫሽ ይላላ!»

«ማጨሻ ነዋ! ማጨሻ!» አለና ኩበት የሚጨስበትን አሮጌ ማጨሻውን ከግድግዳ አውርዶ፣ እያነከሰ መጣ። ንቡ እየተመመ ነው። አባቴ ሁለቴ ጭስ ሰጣቸው፣ በባዶ እጁ ገባ፣ እንጀራው የተሠራበትን አንዱን የእንጨት ክፈፍ ብድግ አድርጎ አገላብጦ አሳየ፣ መልሶ ዘጋ። አንዲትም አልወጋችውም። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። የተቀረጸውን ላክሁት።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ያረሙኝ ሦስት ናቸው። አንዷ «እነዚህ እጆች ድንቅ ናቸው» ብላ ዘጠኝ ሰጠች። ሌላው ስምንት። ሦስተኛው ማርቲን የሚባል ሰው ነው፤ አራት ሰጠ። አባቴ «ምን ይላል? አንድ ቃል እንዳታስቀሪ» አለኝ። አነበብኩለት።

«የመከላከያ ልብስ የለም። ጓንት የለም። ከኋላ ከንፈሩ ያበጠ ሰው እየሮጠ ያልፋል። ይህ ሽማግሌ ማነው? መሐሪ፣ መዝገቡ ላይ ባለው ፎቶሽ ሴት ነሽ። ቀፎውን መክፈት ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

ከሥሩ ትምህርት ቤቱ ጨምሮበታል። ተማሪዋ በገዛ እጇ ከፍታ፣ አውራዋን ወይም እንቁላሏን አሳይታ በስድስት ቀን ውስጥ ትላክ፤ ካልሆነ መሐሪ አላለፈም ተብሎ ይዘጋል።

«አራት?» አለ አባቴ።

«አራት።»

«ስንት ቀፎ አለው ይሄ ማርቲን?»

ማርቲን ስለራሱ የጻፈውን ፈለግሁ። «ሁለት።»

«ሁለት!» ብሎ ብድግ አለ፤ ያለ ከዘራ። «ሁለት ቀፎ ይዞ እኔን አራት! ደግሞ ይህ ሽማግሌ ማነው ይላል? መሐሪ ነኝ! ስሜ እዚያው ተጽፎ የለም?»

የማርቲንን ሥራ የማረም ተራ ለኔ ደርሶ ነበር። ስንት ልስጠው ብዬ ጠየቅሁት። አባቴ ግቢውን አንዴ ዞሮ መጣ። «ዐሥር ስጪው» አለ፤ «ይፈር።»

ቀኑ ግን ቆሞ አልጠበቀንም። ስድስቱ ቀን የሚያልቀው ቅዳሜ ነው። ጌትነትም የከንፈሩ እብጠት ጎድሎለት፣ ቅዳሜ በጠዋት ገመድና ሁለት ሸክመኛ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ልኳል። አባቴን ደግሜ አልለመንኩትም። ወፍጮ ቤት እየሄድኩ የቀሩትን ትምህርቶች ጨረስኩ። ማታ ማታ ከግድግዳው ባሻገር ያሉትን እየሰማሁ፣ ዛሪማ ከወረዱ ይህ ግድግዳ ዝም ሊል ነው እያልኩ አለቀስኩ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ቀን አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ አባቴ እጁን ታጠበና «ተነሺ» አለኝ።

«ወዴት?»

«በስሜ ወድቄ አላውቅም።»

የአልጋውን አጎበር አውርዶ ራሱ ራሴ ላይ አሰረልኝ። የሸሚዜን እጅጌ በገመድ ቋጠረው። ሲያስር ጣቶቹ ቀስ ይላሉ። በልጅነቴ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አስሮኝ አያውቅም፤ ወንድሞቼን ነበር የሚያስራቸው። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ጌትነት በቅዳሜው ፋንታ ዓርብ ገመዱን ይዞ ከች አለ። አባቴ «ገመዱ ማር እስኪቆረጥ ይቆይ፤ አንተ ስልኩን ያዝ» አለው። ጌትነት ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ ከንፈሩን በፎጣ ሸፍኖ ቀረጸ።

«ጭስ ሁለቴ ብቻ» አለ አባቴ ከኋላዬ። «ቀስ። አትተንፍሽባቸው። ትንፋሽ ይጠላሉ።»

ክዳኑን አነሣሁት። ድምፃቸው ያለ ግድግዳ ያን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ክፈፍ ነቅዬ ሳነሣ አንዷ አውራ ጣቴን ወጋችኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልጣልኩትም። «አትጣይው» ሳይለኝ ነው ያልጣልኩት፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሁለተኛውን አወጣሁ፤ የለችም። ሦስተኛውን ወደ ብርሃን ሳዞረው አየኋት። ከሁሉም የረዘመች፣ ወደ ቀይ የምታደላ፣ ሌሎቹ መንገድ የሚለቁላት።

«አባዬ፣ አየኋት!»

«የታለ?»

«የታለች!»

«የታለ ነው የምልሽ!»

መነጽሩን አድርጎ ቀረበ። ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ። አውራዋ ቀዳዳ መረጠች፣ ጭራዋን ከተተች፣ ቆየች፣ ወጣች። ቀዳዳው ውስጥ የሩዝ ቁራጭ የምታህል ነጭ ነገር ቆማ ቀረች። አባቴ ሃምሳ ዓመት ከንብ ጋር ኖሮ ይህንን አላየም፤ በሸምበቆ ቀፎ ይህ አይታይም። አጎንብሶ ብዙ ቆየ። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጠርጎ መልሶ አደረገ።

«ጣለ» አለ ቀስ ብሎ።

ክፈፉ እጄ ላይ ይከብዳል፣ ጣቴ ያብጣል፤ እንዲያይ ግን አላወረድኩትም።

አውራዋ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ሄዳ ደገመች።

«ጣለች» አለ አባቴ።

ቪዲዮው ከባድ ነበርና ከወፍጮ ቤቱ ድንጋይ ላይ ለመሄድ ሙሉ ቀን ፈጀ። እማሆይ በርጩማቸውን ይዘው መጡ፤ ያለፈ ያገደመውን መለሱልኝ። ማርቲን ዘጠኝ ሰጠ። አባቴ «አንዷን ምን አድርገን ነው የያዘብን?» አለ። በጓንቱ ነው አልኩት። ለማርቲን የሰጠነውን ዐሥር እያነሣ ሳምንት ሙሉ ተጸጸተ።

ወረቀቱ መጣ። ጎንደር ድሮ ከሠራሁበት ፎቶ ኮፒ ቤት በባለ ቀለም አሳተምኩትና ይዤ ተመለስኩ። አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለማያውቀው በጣቴ አሳየሁት። «ይሄ መሐሪ ነው።» ከላይ፣ በትልቁ፣ ቀድሞ ተጽፏል። የኔ ከኋላው አለ። አባቴ ከመታወቂያውና ከመሬት ደብተሩ በቀር ስሙ ያለበት ወረቀት ኖሮት አያውቅም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጋቢው ሥር ይዞት ሄደና ለቄሱም ለሰበካውም አሳይቶ መጣ።

ጌትነት ግን እንደ ጎንደር ሰው ሁሉ ሙግት ያውቃል። ማር የሚቆረጥበት ቀን ጠዋት ገመዱን ይዞ መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አያ መሐሪ፣ እኔ ምስክር ነኝ። ቃልዎ እሷ ወረቀት ካመጣች ነበር። ይሄ ወረቀት የማን ነው? የመሐሪ ነው። የተማሩት እርስዎ ነዎት፤ እንኳን ደስ ያለዎት። እሷ ወረቀት አላመጣችም። ቀፎው ለኔ ነው።»

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ጌትነት እውነቱን ነው። በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት። ስምንት ሳምንት በጃንጥላ ሥር የለፋሁት ሁሉ በአንድ መስመር ሲያመልጠኝ ታየኝ።

አባቴ ወደኔ ዞረ። «ስሙ አይታረምም?»

«ይታረማል። አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቅዳሉ። ግን ይሄኛው ይሰረዛል።»

«ይሄ?» ወረቀቱን ከጌትነት እጅ ወሰደ።

«እሱ።»

«ሲታረም የመጀመሪያው የማን ይሆናል?»

«የኔ።»

«እኔስ?»

«የመጨረሻ» አልኩት።

አባቴ ወረቀቱ ላይ ስሙን በጣቱ አንዴ ሄደበት። ከዚያ ለሁለት አጥፎ ከዳዊቱ ውስጥ ከተተው። ተነሥቶ ማጨሻውን ከግድግዳ አወረደና ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«ጻፊ» አለኝ። «አንቺ ቅደሚ። እኔ ከኋላሽ አለሁ።»

ወፍጮ ቤት ድረስ ሮጥኩ። ስሜን ጻፍኩት፤ ከፊት።